የአራት ሰከንድ ቤት

የሰርካለም ሥራ ሰው የሌለበትን ቦታ መሣል ነው። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ፣ ከአንድ የብርድ ልብስ መሸጫ ሱቅ በላይ ባለች ሁለት ክፍል ስቱዲዮ «ከጉሙ ሥር» የሚባል የልጆች ካርቱን ይሠራል። ገጸ ባሕርያቱን የሚሥሉት ሌሎች ናቸው። እሷ የምትሥለው እነሱ የሚቆሙበትን መሬት፣ የሚገቡበትን ቤት፣ ከኋላቸው የሚታየውን ተራራ ነው። ልጆች ካርቱን ሲያዩ ዓይናቸው የሚሮጠውን ይከተላል እንጂ ከኋላ ያለውን ዛፍ ማን ሣለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይኼ ግን አይከፋትም። አባቷ መሪጌታ ኃይለኢየሱስ ሕዝቡ ተኝቶ ሳለ ቅኔ ማኅሌት ውስጥ ቆመው ሲዘምሩ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ ማንም ሳያይ የሚሠራ ሥራ ለቤታቸው እንግዳ አይደለም።

የካርቱኑ ታሪክ ቀላል ነው። እንጉዳይ የምትባል፣ ፀጉሯ በክረምት እንደሚበቅል እንጉዳይ የተድቦለቦለ ልጅ አንኮበር ላይ ከአክስቷ ጋር ትኖራለች። ጠዋት ጠዋት ጉም ከቆላው ተነሥቶ ገደሉን ጢም አድርጎ ይሞላዋል። ሲገለጥ ከሥር የሚታየው ግን ቆላ ያለው መንደር አሊዩ አምባ አይደለም፤ በየክፍሉ ሌላ አገር ነው። አንድ ቀን ባሕር፣ አንድ ቀን የጨው ሜዳ፣ አንድ ቀን ዛፎቹ የሚያንቀላፉበት ጫካ ይሆናል። እንጉዳይ ወርዳ ትውልና ጀምበር ሳትጠልቅ ትመለሳለች።

በዘጠነኛው ክፍል ከጉሙ ሥር የምዕራብ አገር እንዲታይ ተወሰነ፤ ማንጎና ቡና ያለበት ሸለቆ፣ በመካከሉም አንድ ቤት። ሰርካለም ከአዲስ አበባ ወዲያ ወደ ምዕራብ ተሻግራ አታውቅም። የስቱዲዮው ባለቤትና ዳይሬክተር ቴዎፍሎስ ስትጠይቀው ከስክሪኑ ቀና እንኳ አላለም።

«ከኢንተርኔት ፎቶ አውርጂና ሥሪው» አላት። «የሚታየው አራት ሰከንድ ነው።»

አወረደች። ፎቶዎቹ ያምራሉ፤ ነገር ግን ከእነሱ እያየች የሣለቻቸው ቤቶች ማንም ገብቶባቸው ወጥቶባቸው የሚያውቅ አይመስሉም። ምሳ ላይ ለአባቷ ይህንኑ ስትነግራቸው ጉርሻቸውን ውጠው ጥቂት አሰቡ።

«የቤተ ክርስቲያናችንን ግቢ የምትጠርግ ሴት አለች። ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች፣ ይመኙሻል የምትባል። እሷን ጠይቂያት» አሉ። ቀጥለውም «ግን ቀስ ብለሽ» አሏት።

ይመኙሻል አርባ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ከልጇ ከፍቅርተ ጋር መጠለያ ጣቢያ ውስጥ በአንዲት የሸራ ክፍል መኖር ከጀመረች አምስተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባሏ አየለ እዚያው ወለጋ ቀረ። እንዴት እንደቀረ ሰርካለም አልጠየቀችም፤ እሷም አልነገረቻትም። መጥረጊያዋን ከግድግዳው አስደግፋ የሰርካለምን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ለምንሽ ነው?»

«ለልጆች ካርቱን ነው፣ እትዬ ይመኙሻል።»

«ካርቱን ያ እንስሳው እንደ ሰው የሚያወራበት?»

«አዎ፣ እሱ።»

«ታዲያ የእውነት ቤት ምን ይሠራለታል?»

«የውሸቱ አልሣልልኝ አለ» አለች ሰርካለም።

ይመኙሻል ነጠላዋን አጠባብቃ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «በሩ ወደ ፀሐይ መውጫ ነው» ብላ ጀመረች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ረቡዕ ረቡዕና ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ቅዳሴ ካበቃ በኋላ ይገናኙ ጀመር። ሰርካለም ሥላ ታመጣለች፤ ይመኙሻል ታያለች። ጎበዝ ነሽ ብላት አታውቅም።

የመጀመሪያውን እንዳየች «ይኼ የሀብታም ቤት ነው» አለች።

ሁለተኛውን ስታይ ደግሞ ቅር አላት። «ይኼ የደኃ ቤት ነው። እኛ ደኃ አልነበርንም።»

በሦስተኛው ቆርቆሮው በጣም አዲስ ሆነባት። አየለ ሣሩን አንሥቶ ቆርቆሮ ካለበሰው ስምንት ክረምት አልፎት ነበርና፣ ከማንጎው በኩል ያለው ጫፍ ቅጠል እየረገፈበት ዝጎ ነበር። በአራተኛው የበቆሎው ጎታ ያለ ቦታው ቆመ። በአምስተኛው ሥሩ የሚበላው አንጮቴ እንደ ሐረግ ሽቅብ የሚወጣበት አጥር ተረሳ። አንዳንድ ቀንም ስሕተቱ የራሷ ይሆንና እንደ ማፈር እያለች ትመጣለች።

«ሌሊት በሕልሜ ዞሬ አየሁት። አሳስቼ ነው የነገርኩሽ፤ ጎታው ከበሩ በስተግራ ነው። በቀኝ ያልኩሽ ከውስጥ ሆኜ ሳየው ነው።»

ሰርካለም የምትሰማውን ሁሉ በእርሳስ እየጻፈች ትሄድና ስቱዲዮ ገብታ ትሥላለች። ቀስ በቀስ ቤቱ ለእሷም ይገለጥላት ጀመር። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ፣ ብርዱ መስኮቱን ሲያንኳኳ፣ ጠረጴዛዋ ላይ እንደተደፋች እንቅልፍ ወሰዳት። በበቆሎ መካከል ስትሄድ አየች። ቅጠሉ ጤዛ እንደያዘ ክንዷን እያራሰ ያልፋል። ከፊት ለፊቷ ውሻ ይጮኻል፤ ድምፁ ግን ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ነው። በሩ ዘንድ ስትደርስ መዳፏን መዝጊያው ላይ አሳረፈች፤ እንጨቱ እንደ ሰው ገላ ይሞቅ ነበር። ስትነቃ መዳፏ ግለት አለበት። ቅዳሜ ዕለት ለይመኙሻል ነገረቻት።

«መዝጊያው ይሞቃል እንዴ?»

ይመኙሻል ትክ ብላ አየቻት። «ፀሐይ ጠዋት በቀጥታ ትመታዋለች አላልኩሽም?» አለች።

አሥራ አንደኛው ሥዕል ላይ ይመኙሻል የምታርመው አላገኘችም። ወረቀቱን ከዓይኗ አራቀችው፣ አቀረበችው፣ ጭኗ ላይ አስተኛችው። ሰርካለም ምን ልትላት ነው ብላ ጠበቀች። መጠበቁ ሲረዝምባት ጊዜ ለጨዋታ ያህል «ቤት ለእንቦሳ» አለቻት።

«እንቦሳ እሰሩ» አለች ይመኙሻል። ቃሉ ያመለጣት ሳታስበው ነው። አዲስ ቤት ደጃፍ ላይ ቆሞ ለሚመርቅ እንግዳ የሚመለሰውን መልስ፣ የድንጋይ መቀመጫ ላይ ሆና፣ ለወረቀት መለሰች። ወዲያው አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። መሳቅም ይሁን ማልቀስ ሰርካለም መለየት አልቻለችም።

በጥቅምት መጨረሻ ስቱዲዮው ጉም ሊቀርጽ ወደ አንኮበር ወረደ። መኪናው ላይ አንድ ቦታ ነበረና፣ ይመኙሻልም እዚያ ባለው ጠበል የመጠመቅ ስለት ስለነበረባት አብራቸው ሄደች። ቴዎፍሎስና የስቱዲዮው ልጆች ካሜራቸውን ሲተክሉ ሁለቱ ሴቶች ገደሉ አፋፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጉሙ ከታች ተነሥቶ፣ መጀመሪያ ዛፎቹን፣ ቀጥሎ መንገዱን፣ በመጨረሻም እነሱን ራሳቸውን ዋጣቸው። ሰርካለም አጠገቧ ያለችውን ሴት አታያትም ነበር፤ የምትሰማው ትንፋሿን ብቻ ነው።

«ከዚህ በታች ምንድን ነው ያለው?» አለች ይመኙሻል።

«አሊዩ አምባ ነው።»

«ማን አየው?» አለች፤ ድምፅዋ የቀልድ አልነበረም። ጥቂት ቆይታ፣ ጉም ውስጥ ሆና፣ ማንም ሳይጠይቃት በወሬ ወደ ወለጋው ቤቷ ገባች። ደፉን ተሻገረች። አየለ ከዋንዛ የሠራውን አልጋ አለፈች። ፍቅርተ የተወለደችበትን መደብ፣ የአየለ ካፖርት የሚሰቀልበትን ሚስማር፣ በነጭ አፈር ለቅልቃ በጣቷ ሐረግ የሣለችበትን የጓዳ ግድግዳ አንድ በአንድ ነገረቻት። ሐረጉ ላይ አንድ ቅጠል ጎደሎ ነው። የመጨረሻውን ልትሥል ስትል ምጥ ያዛት፤ ከዚያ በኋላ እንዲያው ቀረ። ሰርካለም እርሳስ አላወጣችም። ብታወጣም ወረቀቱ አይታይም ነበር። ጉሙ ሲገለጥ ይመኙሻል ልብሷን አራግፋ ተነሣች።

ሰርካለም ጓዳውንም ሣለችው። ስታሳያት ይመኙሻል ልክ ነው ለማለት ራሷን ብቻ ነቀነቀች።

ዘጠነኛው ክፍል የተላለፈው በኅዳር ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መጠለያው አጠገብ ቴሌቪዥን ያላት ሻይ ቤት አለች። ፍቅርተ ውኃ ወረፋ ይዛ ስለነበር ሰርካለምና ይመኙሻል ብቻቸውን ገብተው ከፊት ተቀመጡ። እንጉዳይ ገደሉ አፋፍ ላይ ቆማ ጎንበስ ብላ አየች። ጉሙ ሳሳ። ልክ በዚያች ቅጽበት አስተናጋጇ ብርጭቆ ይዛ መጥታ «ስኳር ልጨምር?» ስትል ይመኙሻል ዞር አለች። ስትመለስ እንጉዳይ ማንጎው ላይ ወጥታ ከዝንጀሮ ጋር ትከራከራለች።

«አለፈ?»

«አለፈ፣ እትዬ።»

«ቤቱ?»

«አዎ።»

ይመኙሻል ሻይዋን አነሣች። እፍ እፍ ብላ ጠጣች። «አጭር ነው ለካ» አለች።

ሰርካለም ያን ቀን ስቱዲዮ አልተመለሰችም። የሰውን ቤት ለአራት ሰከንድ ብላ ከአፈር ቆፍራ ያወጣች፣ መልሳም የቀበረች መሰላት። ከዚያ ወዲህ በቤተ ክርስቲያኑ በር ስታልፍ ይመኙሻልን ላለማየት በወዲያኛው በኩል ትዞር ጀመር። አባቷ አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

ካርቱኑ በግንቦት አለቀ። በሰኔ ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ ለቴዎፍሎስ ደወለ፤ የካርቱኑን ንድፎች የሚያሳይ መጽሐፍ ማውጣት እንደሚፈልግ ነገረው። ተከታታዩ እንዴት እንደታሰበ፣ ገጸ ባሕርያቱ ምን ነበሩ ምን ሆኑ፣ ቀለሙ እንዴት ተመረጠ፣ ይህን ሁሉ በሥዕል የሚያሳይ መጽሐፍ። ቴዎፍሎስ ያን ቀን ሁሉንም ምሳ ጋበዘ።

መሳቢያዎች ተከፈቱ። ሁለቱ ክፍሎች በወረቀት ተሞሉ። ሳይመረጡ የቀሩ አሥራ ሰባት የእንጉዳይ ፀጉሮች ወጡ፤ በአንዱ ሹሩባ ተሠርታለች፣ በሌላው ተላጭታለች፣ በአንዱ ፀጉሯ ላይ ወፍ ጎጆ ሠርቷል። መነጽር የሚያደርግ ጅብ ወጣ፤ የትኛውም ክፍል ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ሐምራዊ የሆነ አንኮበር፣ ወደ ላይ የሚዘንብ ዝናብ፣ ስም ያልወጣላቸው ሰዎች ወጡ። የንድፍ መጽሐፍ እንዲህ ያለ ነው፤ ያልሆነው ነገር ከሆነው ይበዛበታል። ሰርካለም በወረቀቶቹ መካከል ስትመላለስ፣ ሊወለዱ ተራ ይዘው የሚጠብቁ ሰዎች አገር የገባች መሰላት።

ቴዎፍሎስ የገጾቹን ድልድል ሲያሳያት የይመኙሻል ቤት የገጽ ሩብ ነበር የደረሰው።

«አይበቃም» አለችው።

«ሰርኬ፣ መጽሐፉ ስለ እንጉዳይ ነው።»

«እንጉዳይ የገባችበት ቤት ነው።»

«አራት ሰከንድ ነው የገባችበት። ማን ነው በር ሲያይ የሚውል?»

አልተከራከረችም። አሥራ አንዱን ሥዕሎች ከተሳሳተው ጀምራ እስከ ደረሰው ድረስ ወለሉ ላይ በተራ ደረደረች፤ ጓዳውን ከመጨረሻው አጠገብ አኖረች። ከዚያም ደረጃውን ወርዳ ፀሐይ ላይ ቆመች። ስትመለስ ቴዎፍሎስን ሰባተኛው ሥዕል ላይ ቁጢጥ ብሎ አገኘችው።

«እዚህ ላይ ቤቱ ለምን ዞረ?»

«ተሳስቼ ነበር። በሩን የጠዋት ፀሐይ እንዲመታው ነው።»

ቴዎፍሎስ ወደ ስድስተኛው ተመለሰ፤ እንደገና ወደ ሰባተኛው መጣ። «አራት ገጽ» አለ፣ ራሱን ቀና ሳያደርግ።

በማግሥቱ ሰርካለም ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ መጠለያው ድረስ ወደ ይመኙሻል ሄደች። ለምን እንደጠፋች ልታስረዳ ስትጀምር ይመኙሻል «ተይው» ብላ አቋረጠቻት። ሰርካለም ስለ መጽሐፉ፣ ስለ አራቱ ገጾች ነገረቻት፤ ስሟ እንዲጻፍ ትፈቅድ እንደሆነም ጠየቀቻት።

«የኔን ጻፊ። የአየለንም ጻፊ፤ ቤቱን የሠራው እሱ ነው።»

ሰርካለም አራቱን ገጾች አንድ በአንድ ዘረጋችላት። አራተኛው ጓዳው ነበር። ይመኙሻል ስታየው እጇን ሥዕሉ ላይ ጋረደች፤ ብርሃን እንደምትከላከል ሰው።

«ይኼንንም ለሰው ልታሳዪው ነው?»

«መስሎኝ ነበር...»

«ይኼንን የነገርኩሽ ጉም ውስጥ ነው» አለች። ቁጣ የለባትም፤ የምታስተምር ነው የምትመስለው። «እንግዳ መደብ ላይ ይቀመጣል፤ ይበላል፣ ይጠጣል። ጓዳ አይገባም። ሰው ቤቱን ቢያጣ ጓዳውንም አጣ ማለት አይደለም።»

ሰርካለም ሥዕሉን ከሌሎቹ ለይታ ሰጠቻት። ይመኙሻል ተቀብላ በጥንቃቄ ጠቀለለችው፤ በብብቷ ይዛው ወደ ሸራ ክፍሏ ገባች።

ቴዎፍሎስ ሲሰማ ተናደደ። «ገጽ ለመንሽኝ፣ ሰጠሁሽ። አሁን ምን ላድርገው? ባዶ ገጽ ላሳትም?»

«ባዶ አይሆንም። ጉም እሥልበታለሁ።»

ሦስት ቀን ሙሉ ጉም ሣለች። ጉም ነጭ ይመስላል እንጂ ነጭ አይደለም፤ አንኮበር ላይ የዋለ ሰው ያውቀዋል። ሰማያዊ አለው፣ አመድ አለው፣ ጠዋት ላይ ደግሞ የገብስ እሸት የመሰለ ጭላንጭል አለው። ቴዎፍሎስ የደረሰውን አየና ወደ ማተሚያ ቤት በሚሄደው ፋይል ውስጥ ከተተው። ከሥዕሎቹ ግርጌ «የቤቱ ንድፍ፦ አየለና ይመኙሻል። ሥዕል፦ ሰርካለም» ተብሎ ተጻፈ።

መጽሐፉ ታትሞ የደረሰው በጥቅምት ነው። ሰርካለም አንዱን ይዛ መጠለያው ሄደች። ይመኙሻል እጇን በሳሙና ታጠበች፣ በቀሚሷ አደረቀች፣ ከዚያ ነው መጽሐፉን የነካችው። እያንዳንዱን ገጽ እኩል ጊዜ ሰጠችው። መነጽር ያደረገውን ጅብ ስታይ «ይኼስ መምህር ይመስላል» አለች። ቤቷ ያለበት ገጽ ላይ ስትደርስ የአየለን ስም እንድታነብላት ጠየቀች። ሰርካለም ሁለት ጊዜ አነበበችላት።

በዚህ መካከል ፍቅርተ ከትምህርት ቤት መጣች። ያን አገር ለቀው ሲወጡ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ደብተሯን ጥላ በእናቷ ትከሻ ላይ አየች።

«ቤታችን ነው» አለች። ጥያቄ አልነበረም። ጎንበስ ብላ ትንሽ አየችና ቅንድቧን ሰበሰበች። «ጅረቱ የታል?»

«የምን ጅረት?» አለች ይመኙሻል።

«በማንጎው ሥር የሚያልፈው። እግሬን የምነክርበት።»

ይመኙሻል አፏን ከፈተች። ልትል ያሰበችውን ሰርካለም ታውቅ ነበር። አሥር ጊዜ ስታርማት የከረመች ሴት ናት፤ የጎታውን ቦታ በሕልሟ ሄዳ የለካች ናት። በማንጎው ሥር ጅረት አልነበረም። ቢኖር ኖሮ በመጀመሪያው ቀን ትነግራት ነበር። ልጅቱ ያየችው የሌላ ሰው ማሳ ይሆናል፤ ወይም በመንገድ ላይ ያለፉት ወንዝ፣ ወይም ሕልም።

ይመኙሻል ልጇን አየቻት። ልጅቱ ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ ከማንጎው ሥር ወደ አጥሩ ታወርዳለች፤ ውኃው በየት እንደሚያልፍ ጠንቅቃ ታውቃለች።

«እሱን ሰርካለም ረስታው ነው» አለች ይመኙሻል በመጨረሻ።

ሰርካለም ነገሩን ተቀበለች። «አዎ፣ ረስቼው ነው» ብላ ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣች፤ ለፍቅርተ ሰጠቻት።

«መጽሐፉ ላይ ልሥልበት?» አለች ልጅቱ እናቷን እያየች።

«ሣይው። ቤትሽ አይደለም?»

ፍቅርተ ተንበርክካ መሣል ጀመረች። መስመሩ መጀመሪያ ፈራ ፈራ ይላል፤ ቀጥሎ ግን እየሰፋና እየተጠማዘዘ ወረደ። ይመኙሻል አጠገቧ ተቀምጣ እጇን በጭኗ ላይ አድርጋ ታይ ነበር። ውኃው ከአጥሩ ሲደርስ ወደ ገጹ ጠጋ አለች።

«እዚህ ጋ ድንጋይ ጨምሪበት» አለች፣ በጣቷ እያሳየቻት። «መሻገሪያ ነበረው። ሦስት ድንጋይ።»

«አራት ነው» አለች ፍቅርተ።

«እሺ፣ አራት ይሁን።»